ረጅም ጎዳናና 767 ጥቅል ፊልም

በፊልም ፎቶግራፍ የሚያነሳ ሰው ውጤቱን ሳያይ የሚሠራ ሰው ነው። የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ በተዘጋባት ቅጽበት በመነጽሩ በኩል የገባው ብርሃን፣ በፊልሙ ገጽ ላይ በስሱ በተለበጠው የብር ጨው ላይ ረቂቅ አሻራውን ትቶ ያልፋል፤ ያ አሻራ ግን በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒት ታጥቦ እስኪገለጥ ድረስ ለፎቶግራፍ አንሺውም ሆነ ለሌላ ለማንም ዓይን የተሰወረ ነው። በከተማ ለሚኖርና የጨረሰውን ፊልም በማግሥቱ ለፎቶ ቤት ሰጥቶ ለሚያሳጥብ ሰው ይህ ስውርነት የአንድ ሁለት ቀን ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ሳምንታትንና ወራትን በሚወስድ የመኪና ጉዞ ላይ ላለ ሰው ግን ነገሩ ከዚህ እጅግ የከበደ ነው፤ ትናንት ያነሳው መልካም ይሁን ክፉ ሳያውቅ ዛሬም ያነሳል፣ ዛሬ ያነሳውንም ሳያይ ወደሚቀጥለው ከተማ ይነዳል፣ ዳግመኛ ላያያቸው የሚችላቸውን ሰዎችና መንደሮች ሁሉ በትንንሽ የቆርቆሮ ቀፎዎች ውስጥ አሽጎ በእምነት ብቻ ተሸክሟቸው ይሄዳል።

ብዙ ሰዎች ይህን ጠባይ የፊልም ድክመት አድርገው ይቆጥሩታል፤ በእጅ ስልክ ያነሱትን ወዲያው ማየት በተለመደበት በአሁኑ ዘመንም እንዲህ ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ፊልም በረጅም ጎዳና ላይ ከሚሰጣቸው ጸጋዎች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ስውርነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማየትን ከመፍረድ ይለያልና። መንገደኛው በጎዳናው ላይ ሳለ ተግባሩ ማየት ብቻ ነው፤ የትኛው ይያዝ፣ የትኛው ይተው፣ የትኛውስ ከየትኛው ጋር ይሰለፍ የሚለው ፍርድ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ከጉዞው ደስታም ከጉዞው ድካምም ርቆ፣ በረጋ ኅሊና የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርበው፣ በሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ የአሜሪካን ምድር በመኪና የዞረውን የሮበርት ፍራንክን ጉዞ ነው።

ፍራንክ በ1924 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ከአይሁድ ወገን ከሆነ ቤተሰብ ተወልዶ፣ የወጣትነቱን ዘመን የሂትለር ጭፍሮች ዙሪያዋን በከበቧት በዚያች ትንሽ አገር ካሳለፈ በኋላ፣ በ1947 ባሕር ተሻግሮ ኒው ዮርክ ገባ። በዚያም ሃርፐርስ ባዛር ለተባለው መጽሔት የፋሽን ፎቶግራፍ እያነሳ እንጀራውን ቢያገኝም ልቡ በዚያ ሥራ አላረፈም። የልቡን መሻት የተረዳለትና መንገዱን ያቃናለት ዎከር ኢቫንስ ነው፤ ኢቫንስ በሠላሳዎቹ ዓመታት፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት አሜሪካን ባስጨነቃት ጊዜ፣ የገበሬዎችን ጎጆና የትንንሽ ከተሞችን ጎዳና እየዞረ ያነሳ፣ ሥራውንም በ1938 በመጽሐፍ ያሳተመ አንጋፋ ባለሙያ ነበረ። እርሱና ሌሎች ታላላቅ ሰዎች በሰጡት ምስክርነት ፍራንክ በ1955 የጉገንሃይምን ድርጅት የገንዘብ እርዳታ አገኘ፤ በተከታዩም ዓመት ታደሰለት። ያቀረበው ሐሳብ ቃሉ ቀላል፣ ግብሩ ግን ከባድ ነበረ፤ ያልተወለደባትን አገር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በአዲስ ገብ ዓይን ሊያይ ነው።

ለጉዞው ያገለገለ የ1950 ፎርድ መኪና ገዛ፤ ካሜራው ላይካ ነበረች። ስለዚህች ካሜራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለ እርሷ በጎዳና ላይ ፎቶግራፍ የማንሳት ጥበብ እንዲህ ባልተስፋፋ ነበርና። ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ ባለ እጅ፣ በዌትስላር ከተማ በላይትስ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ለሲኒማ የሚያገለግለውን 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፊልም በእጅ በምትያዝ ትንሽ ካሜራ ውስጥ አግድም በማስኬድ እያንዳንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አደረገ። ካሜራዋ በ1925 ለገበያ በወጣች ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ከባዱን ሣጥን በሦስት እግር ላይ ተክሎ፣ የሚነሱትንም ሰዎች ጸጥ ብለው እንዲቆሙ አዝዞ ይሠራ የነበረው ባለሙያ፣ ከሰው መካከል ገብቶ፣ ሳይታወቅበት፣ ሕይወት እንደ ወትሮዋ ስትመላለስ ማንሳት ቻለ።

ነገር ግን ለዚህ ቅልጥፍና የሚከፈል ዋጋ አለ፤ እርሱም በየ36ቱ ምስል ቆሞ ፊልም መለወጥ ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ላይካ ፊልም የሚጎርሰው ከሥሩ ስለ ሆነ፣ መንገደኛው ከመኪናው ወርዶ ጥላ ያለበት ስፍራ ይፈልጋል፤ የታችኛውን ክዳን ቁልፉን አዙሮ ያነሣዋል፤ ካሜራው ከአሮጌዎቹ ዓይነት ከሆነም የፊልሙን ጫፍ በአንድ ወገን ረዘም አድርጎ በመቀስ ይቆርጠዋል፤ ጫፉን በባዶው መጠቅለያ ላይ ሰክቶ ሁለቱን በአንድነት ወደ ካሜራው ሆድ ይገፋቸዋል፤ ክዳኑን መልሶ ይዘጋና ሁለት ጊዜ በባዶው ይተኩሳል። በዚህ ጊዜ ዓይኑን ከግራው እጀታ ላይ ማንሣት አይገባውም። ፊልሙ ሲጠመዘዝ ያ እጀታ አብሮ ከዞረ ፊልሙ ተይዟል፤ ካልዞረ ግን ፊልሙ ከስፍራው አልተነቃነቀም፣ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሠላሳ ስድስት ፎቶግራፍም ሁሉ በአንድ ስፍራ ላይ የሚደራረብ ከንቱ ድካም ይሆናል። ለዚህ ነው የድሮ ባለሙያዎች፣ ወጣቶችን ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ከማስተማራቸው አስቀድመው፣ እጀታዋን ተመልከት የሚሏቸው።

ፍራንክ በ1955 በጋ ከዴትሮይት ከተማና ከታላቁ የፎርድ መኪና ፋብሪካ ጀምሮ፣ በመጸው ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በቴክሳስ በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ አልፎ፣ በሰሜኑ ተራራማ አገር ዞሮ እስኪመለስ ድረስ፣ ከ30 በማያንሱ የአሜሪካ ግዛቶች ውስጥ ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ። በዚህ ሁሉ መንገድ አገር ጎብኚ የሚሰለፍላቸውን ሐውልቶችና ፏፏቴዎች ትቶ ያነሳቸው፣ የቤንዚን ማደያዎችን፣ መንገደኛ በችኮላ የሚበላባቸውን ጠባብ ምግብ ቤቶች፣ ሳንቲም ሲከተትላቸው የሚዘፍኑ የሙዚቃ ሣጥኖችን፣ የቀብር ሥርዓቶችን፣ የፖለቲከኞችን ሰልፍና በየስፍራው የተሰቀለውን ሰንደቅ ዓላማ ነው። በአንዳንዱ የጉዞው ክፍል ባለቤቱና ሁለት ትንንሽ ልጆቹ አብረውት ነበሩ፤ ሕፃናት በኋላ ወንበር ተኝተው ሳሉ አባት በየጥጉ እየቆመ መውረዱ ለቤተሰቡ ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ፣ ቴክሳስ ውስጥ ወደ ዴል ሪዮ በሚወስደው ጎዳና ዳር በቆመው መኪና ውስጥ ያነሳው የባለቤቱና የልጁ የዛለ ፊት ይመሰክራል። ፍራንክ ይህን ምስል ኋላ ከዚህ ጉዞ ላወጣው የፎቶግራፍ መጽሐፍ መደምደሚያ አድርጎታል፤ በእኔ አስተያየት ከሐቀኝነቱ ሁሉ የሚልቀው ሐቅ ይህ ነው፤ ለአገሩ ሕዝብ ያልራራውን ዓይን ከገዛ ቤቱ አልመለሰውምና።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ማክጊ በተባለች የአርካንሶ ትንሽ ከተማ አጠገብ ፖሊሶች መኪናውን አስቆሙት። ዘመኑ አሜሪካ ከሶቭየት ኅብረት ጋር የተፋጠጠችበት፣ ባዕድ አነጋገር ያለው ሰው ሁሉ በሰላይነት የሚጠረጠርበት ዘመን ነበረና፣ የኒው ዮርክ ታርጋ ያለበት አሮጌ መኪና፣ በውስጡ የተከመሩት ካሜራዎችና የባለ መኪናው የኤሮፓ ቅላጼ ለጥርጣሬ በቂ ሆነው ተገኙ። ለብዙ ሰዓታት ታስሮ ከተመረመረና የጣት አሻራውን ከሰጠ በኋላ ተለቀቀ፤ የደረሰበትንም ሁሉ ለኢቫንስ በደብዳቤ አስታወቀው። ፎቶግራፍ አንሺ ከመንገድ ወጥቶ በተጠርጣሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚያየው ነገር ይለወጣል ብዬ አስባለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያነሳቸው የደቡብ ምስሎች ከቀደሙት ይልቅ የከበዱና የጠለቁ ናቸው።

ከእነዚያም ዋነኛው የተነሳው ከእስሩ ጥቂት ቀናት በኋላ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። ፍራንክ በካናል ጎዳና ላይ የሚያልፈውን ሰልፍ እያነሳ ሳለ ዘወር ሲል አንድ የከተማ ባቡር ከኋላው ሲያልፍ አየ፤ ካሜራውን አነሣ፤ ተኮሰ፤ ባቡሩም አለፈ። በዚያች ቅጽበት የተያዘው ይህ ነው፦ አምስት መስኮቶች በረድፍ፣ በየመስኮቱም ሰው። ከፊት በኩል መስተዋቱ ፊቱን የጋረደበት ነጭ ሰው፣ ከእርሱ ቀጥሎ ኮስተር ብላ ወደ ካሜራው የምትመለከት ነጭ ሴት፣ ከዚያ አጊጠው የተቀመጡ ሁለት ነጭ ሕፃናት፣ ከእነርሱ በስተኋላ ክንዱን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አሳርፎ በትካዜ የሚያይ ጥቁር ሰው፣ በመጨረሻም አንዲት ጥቁር ሴት። የአገሩ ሕግ ነጩ ከፊት፣ ጥቁሩ ከኋላ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበረና፣ ብዙ ሐተታ የሚጠይቀው ያ ግፍ አንዲት የመጻፊያ ሰሌዳ በማታህል ገጽ ላይ በተራ ተሰልፎ ይታያል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን፣ ሮዛ ፓርክስ በአላባማ በሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስ ወንበሯን አልለቅም ብላ ስትታሰር፣ ይህ ፎቶግራፍ ከተነሳ ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ አልፈውት ነበር። ፍራንክ በተኮሰባት ጊዜ ግን ምን እንደ ያዘ የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም፤ ዓይኑ ያየውን ኅሊናው ይዞ፣ ፊልሙን ጠምዝዞ፣ ወደ ሌላው ትዕይንት ማለፍ ብቻ ነበረበት። ያነሳውን ለማየት አንገቱን ቢደፋ ኖሮ ስንት ሌላ ባቡር ባመለጠው!

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ እንምጣ፤ የነገሩ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና። በዚህ ሥራ ፍራንክ የጨረሰው ፊልም 767 ጥቅል፣ በእነርሱም ላይ ያለው ምስል ከ27,000 በላይ ነበረ። ፊልም ሲታጠብ አንደኛው መድኃኒት ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ብርሃን ያልነካውን አጥቦ ያስወግደዋል፤ ብርሃን የነበረበት ጥቁር፣ ጥላ የነበረበት ጥርት ያለ ሆኖ የሚታይበት ኔጋቲቭ የሚገኘው እንዲህ ነው። የታጠበው ፊልም እየተቆራረጠ በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በቀጥታ ተነጥፎ ሲታተም፣ የአንድ ጥቅል ሠላሳ ስድስቱም ምስሎች በልካቸው በአንድ ገጽ ላይ ይወጣሉ። ፍራንክ እነዚህን ገጾች በማጉያ መነጽር እያየ፣ የወደደውን በቀለም እርሳስ እየከበበ፣ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉትን አሳተመ፤ እነዚያንም በግድግዳው ላይ እየሰካ፣ በወለሉ ላይ እየዘረጋ፣ እያቀያየረና እየቀነሰ፣ 83 ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ደከመ። በአውድማ ላይ ነፋስ እየጠበቀ ምርቱን ከገለባው የሚለይ ገበሬ ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት ያለው አይመስለኝም። ስሌቱም ቢታሰብ፣ ለአንዲት የተመረጠች ምስል ከዘጠኝ ጥቅል በላይ ፊልም ተኩሷል ማለት ነው። ስለዚህ በፊልም የሚሠራ ሰው ቁጥብ ነው፣ ጥቂት ያነሳል የሚለው አነጋገር ለፍራንክ አይሠራም፤ ቁጥብነቱ ያለው በመምረጡ ላይ ነው።

ምርጫው ደግሞ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ብቻ አልነበረም፤ ማሰለፍም ነበር። መጽሐፉ በአራት ክፍል የተከፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል የአሜሪካ ባንዲራ በሚታይበት ምስል ይከፈታል። አንባቢው ሌላውን ሁሉ ትቶ ሦስት ተከታታይ ገጾችን ብቻ ቢመለከት የሥራውን ጥልቀት ይረዳል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በካሊፎርንያ በሎንግ ቢች፣ በሁለት የዘንባባ ዛፎች መካከል በጨርቅ ተሸፍኖ የቆመ መኪና ይታያል፤ ባለቤቱ እንደ ከበረ ንብረት የሸፈነው ነው። ገጹ ሲገለጥ፣ በአሪዞና በ66ኛው ጎዳና ላይ በመኪና አደጋ የሞተ ሰው በብርድ ልብስ ተሸፍኖ በመንገድ ዳር ተጋድሟል፤ አራት ሰዎች ቆመው ያዩታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሰው የለም፤ ለዓይን ያዝ ባደረገ ብርሃን የኒው ሜክሲኮ ጎዳና ወደ አድማስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከሩቅም አንድ መኪና ይመጣል። እነዚህ ሦስት ምስሎች የተነሱት በተለያየ ስፍራና በተለያየ ጊዜ ነው፤ ፍራንክ አንዱን ሲያነሳ ሌላውን አላሰበም። ንብረት፣ ሞት፣ ጎዳና ብሎ ያገናኛቸው በቤቱ ውስጥ በወለሉ ላይ ነው። በመንገድ ላይ ሳለ በየቀኑ ያነሳውን እያየ፣ ይህ ጥሩ ነው ያ መጥፎ ነው እያለ ይደመስስ ቢሆን ኖሮ፣ ብቻዋን ስትታይ ብዙም የማትናገረው ያች የተሸፈነች መኪና እስከዚያ ቀን የመትረፏ ነገር ያጠራጥረኛል።

መጽሐፉ በ1958 በፓሪስ በአሳታሚው በሮቤር ዴልፒር፣ በ1959 ደግሞ በደራሲው በጃክ ኬሩዋክ መቅድም ተከፍቶ በኒው ዮርክ ታተመ። የአሜሪካ የፎቶግራፍ መጽሔቶች አቀባበል ግን መራራ ነበረ፤ ምስሎቹ ጥራት የላቸውም፣ ይደበዝዛሉ፣ አድማሳቸው ያዘነብላል፣ አገራችንንም ይሰድባሉ ተባለ። ስለ ስድቡ የሚከራከር ይከራከር፤ ስለ ድብዘዛውና ስለ ሻካራነቱ ግን መልስ አለ። በፊልም ላይ የሚታየው ሻካራ ነጠብጣብ የብሩ ቅንጣት ራሱ ነው፤ ለጥቂት ብርሃን እንዲነቃ ተደርጎ የተሠራ ፊልም ቅንጣቱ ጎላ ያለ ይሆናል። ኮዳክ ትራይ ኤክስ የተባለውን ፊልም በ1954 ለትንንሽ ካሜራዎች ባወጣ ጊዜ፣ ባለሙያዎች በምሽት መብራትና በጨለምለም ያለ ቤት ውስጥ ያለ ብልጭታ መብራት ማንሳት ቀለላቸው። በመጠጥ ቤት ጥግ ብቻውን የተቀመጠን ሰው በብልጭታ አስደንግጦ ጥርት ያለ ምስል ከማግኘትና፣ እንደ ተቀመጠ ሳይነኩት በሻካራ ቅንጣት ከመያዝ፣ ፍራንክ ሁለተኛውን መረጠ፤ የመረጠውም በቅንነት ነው እላለሁ።

በዛሬው ዘመን በፊልም ለመሥራት አስቦ ረጅም መንገድ ለሚነሳ ሰው ጥቂት ነገሮችን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። የፊልም ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ክሩስኮት ላይ የተተወ ፊልም፣ ባይነሳበትም እንኳ፣ ቀለሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከመኪናው ወለል ላይ፣ ከፀሐይ በተሰወረ ቦርሳ ውስጥ፣ በልብስ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሃ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሐሩር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይገባልና፣ ጥንቃቄው ለእርሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል። በአውሮፕላን የሚሄድ ደግሞ ያልታጠበ ፊልሙን ከሻንጣው ጋር አይላከው፤ የጭነት ሻንጣ የሚፈተሽበት ጨረር ያበላሸዋል፤ በእጅ ቦርሳ ላይም ቢሆን አዲሶቹ መፈተሻዎች ብርቱ ስለ ሆኑ በእጅ እንዲታይለት በትሕትና ይጠይቅ። የተነሳ ፊልም በየቀፎው ላይ ተራ ቁጥርና የስፍራ ስም ይጻፍበት፤ በደብተርም ላይ እንዲሁ። ሲመለስም ሳያዘገይ ያሳጥበው፤ የተሰወረው አሻራ በጊዜ ብዛት እየደከመ ይሄዳልና።

ከሁሉም በላይ ግን ኔጋቲቩን ከፎቶ ቤት ተቀብሎ ይያዘው። ብዙ ቤተሰብ የታተመውን ፎቶግራፍ ወስዶ ኔጋቲቩን በዚያው ትቶ ስለሚሄድ፣ ወረቀቱ ሲደበዝዝ ወይም ሲቀደድ የአባቱ መልክ እስከ ወዲያኛው ይጠፋበታል። ፍራንክ በ1990 ኔጋቲቮቹንና የየጥቅሉን ገጾች በዋሺንግተን ለሚገኘው ለብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሰጠ። በ2009፣ መጽሐፉ በአሜሪካ ከታተመ ሃምሳ ዓመት በሆነው ጊዜ፣ ቤተ መዘክሩ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ ከ83ቱ ምስሎች ጋር እነዚያ ገጾችም ለሕዝብ ቀረቡ፤ ተመልካቹ የተመረጠችውን ምስል ከፊቷና ከኋላዋ ካሉት ካልተመረጡት ጋር አመሳክሮ እያየ፣ በምርጫው እንዲስማማ ወይም እንዲከራከር ሆነ። ፍራንክ ራሱ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ ያረፈው በ2019፣ በ94 ዓመቱ ነው።